በበረኪና የታጠበው ዛጎል

ባህር አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ «ባህር ያላየች ሴት ስለ ባህር ምን አገባት?» እንዳትሉኝ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ዳምቦያ፣ የተዳርኩት ፎንቆ፣ የማስተምረው ሆሳዕና ነው። ከሦስቱም ተነስታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትጓዙ ባህር ለማየት የአገር ድንበር ማለፍ ግድ ነው። እንዲህም ሆኖ በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍላችን ስሜ «የባህሯ መምህርት» ነበር። ባልደረቦቼ ሻይ ሲጠጡ በአጠገባቸው ካለፍኩ «ትዕግስት፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም «ወደ እናንተ እየመጣ ነው» ብዬ አልፋለሁ።

ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ ወንድሜ አሸናፊ ነው። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ባህር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ሱቅ ይሠራል። ለሠርጌ መምጣት ስላልቻለ አዳራሹ እንዲጌጥበት ብሎ አንድ ካርቶን ዛጎል ላከልኝ። ሚዜዎቼ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድሩ አንዱን ወፍራም ዛጎል «ይሄንን ነቀዝ በልቶታል» ብለው ወደ ጎን ጣሉት። እውነትም ክብ ክብ ቀዳዳዎች ሞልተውበት ነበር። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህርት ነኝና ድንጋይ የመሰለ ዛጎል የሚበላ ምን ዓይነት ነቀዝ ነው ብዬ በሙሽራ ልብሴ እንዳለሁ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ባሌ ታምራት ይህን እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ነቀዝ አልነበረም። ሰፍነግ ነበረች። ወንጌል ላይ በሆምጣጤ የተነከረችውን ሰፍነግ ታስታውሱ ይሆናል። ሰፍነግ ዓይን የሌላት፣ አፍ የሌላት፣ አንድ ቦታ ተለጥፋ የምትኖር የባህር እንስሳ ናት። ከሰፍነጎች መካከል ደግሞ ቦርቧሪ የሚባሉ፣ በሳይንስ ስማቸው ክሊዮና የሆኑ አሉ። ዛጎሉን በሚያሟሟ ፈሳሽ እየሸረሸሩ፣ ጥቃቅን ስባሪውን እየገፉ እያወጡ፣ ውስጥ ለውስጥ ክፍል በክፍል ቤት ይሠራሉ። ከውጭ የምታዩት መስኮቶቻቸውን ብቻ ነው። አንዷን ከሌላዋ የምንለየው በሥጋዋ ውስጥ በተሰገሰጉ፣ በዓይን በማይታዩ የመስታወት መርፌዎች ነው። የእያንዳንዷ ዝርያ መርፌ የራሱ ቅርጽ አለው።

ከዚያ ዛጎል ፍርፋሪ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ የልብስ እስፒል የመሰሉ ባለራስ መርፌዎች አገኘሁ። እነዚህ የታወቁ ናቸው። ከመካከላቸው ግን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ሌሎች ነገሮች ነበሩ፤ አጫጭር፣ ጎበጥ ያሉ፣ እሾኻቸውን በጀርባቸው በኩል ብቻ የደረደሩ። «ማበጠሪያ» ብዬ ጠራኋቸው። ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ፈለግኳቸው፤ የሉም። ደቡብ አፍሪካ ላሉ አንዲት የሰፍነግ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጻፍኩ። ፕሮፌሰሯ በጣም ደግና በጣም ጥንቁቅ ሴት ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ዛጎሉ የሞተ ነው፣ አሸዋ ላይ ከርሟል። ማበጠሪያሽ ከሌላ ሰፍነግ በውሃ ተወስዶ የገባ ሊሆን ይችላል። ሕያው ናሙና ካልመጣ አዲስ ዝርያ ነው ማለት አንችልም።»

አሸናፊ ዓመታት ፈለገ። ባህሩ በሸሸ ቁጥር ሱሪውን አጥፎ ድንጋይ እየገለበጠ፣ ሱቁን ለጓደኛው ትቶ። በመጨረሻ አንድ አገኘ፤ ቢጫ ነጠብጣቦች ከየቀዳዳው ብቅ ያሉበት፣ ሕያው። ፕሮፌሰሯ ናሙና የመሰብሰብ ፈቃዱን ጨርሰው፣ ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮና አልኮል ሰጥተውት ነበርና በዚያው ከተተው። «ለእኔ ይላክ» ብለው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። መጀመሪያ በገዛ ዓይኔ ካላየሁ ብዬ በኢሜይል ተሟገትኩ፣ ለመንኩ፣ አሸነፍኩ። «እሺ፤ ግን ስለዚያ ባህር ቦርቧሪ ሰፍነጎች የምንጽፈው ሥራ ሰኞ ይዘጋል። እስከዚያ ካላሳየሽኝ ያንቺን ከታወቀችው ዝርያ ጋር አጠቃልዬ አስገባታለሁ» አሉ። ዝርያዬ ስም ሳታገኝ በሌላዋ ስም ልትቀበር ማለት ነው።

ማሰሮውን ይዞ የመጣው ጌታሁን የሚባል የፎንቆ ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደወለልኝ።

«እቃሽን ትናንት ማታ ለአማትሽ ሰጥቻለሁ» አለኝ።

«ለምን እዚያ?»

«ጎረቤታችን አይደሉም እንዴ? ሆሳዕና ስመጣ እሰጥሻለሁ ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከማቆየው ብዬ ነው።»

ታምራት ለሥራ ወጥቶ ነበርና ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ፊቴ እየሳቀ እንደነበር የገባኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «ምሥራች አለ መሰለኝ» ሲሉኝ ነው። «አለ» አልኳቸው። ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ኖሮ እስከ ፎንቆ ድረስ ስለ ሰፍነግ ይሰሙ ነበር።

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን ግን አሁን አልጽፍም። በእኛ በከምባታም ሆነ በእነሱ በሀዲያ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ዛሬ ከተማ ላይ ብዙዎች ትተውታል፤ እኔ ግን እናቴ ይህን ሳትጥስ ሞታለችና እንዲሁ ቀጠልኩበት። እሳቸው ሀዲይኛ፣ እኔ ከምባትኛ ስለሆንን በአማርኛ ነው የምንግባባው። የጸሎት ኅብረት መሪ ናቸው። በቤታቸው መጠጥ ገብቶ አያውቅም። በንጽሕናም ቢሆን የሚስተካከላቸው የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አንዱም ትዝ አላለኝም።

ስገባ ዛጎሉ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ቆሟል። ነጭ፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ። ማሰሮው ታጥቦ ተደፍቷል።

«እማማ» አልኩ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ማሰሮው ውስጥ የነበረው ውሃስ?»

አማቴ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ለታምራትም አልነገርኩም።»

«ምኑን?»

«አረቄውን ነዋ።»

ማሰሮውን አንስቼ አሸተትኩት።

«ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ቤቱን ሞላው። ዛሬ ደግሞ ጸሎቱ እዚህ ነው፣ ሰው ይመጣል። ወንድምሽ ሰው አገር ሆኖ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ሽንት ቤት ደፋሁት። እንሰቱ ላይ እንኳ አልደፋሁትም።»

«ዛጎሉንስ?»

«እሱማ ሸተተ። ውጪውን በሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ቢጫ ነገር ደግሞ በየቀዳዳው ተወትፎበታል፣ ባወጣው ባወጣው እምቢ አለኝ። ነቀዝ ነው መሰለኝ፤ ጎተራ እንዳይገባ ፈራሁ። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። አሁን እዪው፣ ምንም የለበትም።»

ቢጫው ነገር እንስሳዋ ነበረች።

አለቀስኩ። አልዋሻችሁም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። አማቴ አረቄው ተደፍቶብኝ መስሏቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ነገሩን ስነግራቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ አሸናፊ ነገርኳቸው፣ ስለ ሰኞ ነገርኳቸው፣ ያ አልኮል ሥጋዋ እንዳይበሰብስ የተጨመረ መድኃኒት መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ገደልኳት በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«እሷስ መጀመሪያውኑ ሞታ ነው የመጣችው፣ እማማ። ሥጋዋ ነው የጠፋው። በረኪና ሥጋን ይበላል፣ መርፌውን ግን…»

ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔ ራሴ ምንድነው የማደርገው? ከሰፍነጓ ቁራጭ ወስጄ በረኪና ውስጥ እጨምራለሁ። በረኪናው ሥጋውን ይበላና መርፌዎቹን ንጹሕ አድርጎ ይተዋቸዋል። መስታወት ናቸው፣ በረኪና አይነካቸውም። አማቴ እኔ በትንሽ ብልቃጥ የምሠራውን በትልቅ ሳፋ ሠርተውታል። በእርግጥ ዘረመል ለመመርመር የሚሆን ነገር አበቃለት። መርፌዎቹ ግን የትም አልሄዱም፤ በረኪናው የሄደበት ናቸው።

«እማማ፣ በረኪናውን የት ደፉት?»

«በረኪና ይደፋል እንዴ?» አሉ። «የጠረጴዛውን ልብስ ዘፈዘፍኩበት።»

ተነስቼ ሮጥኩ። ጓሮ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ ሰማያዊው ሳፋ ቁጭ ብሏል። ውስጡ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። ዶሮዎች በዙሪያው ይጭራሉ።

ልብሱን ሳልጨምቅ ቀስ ብዬ አነሳሁት። እጥፋቱን እየዘረጋሁ በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ እጣቢውም ወደዚያው ሳፋ ነው የሚወርደው። አማቴ አጠገቤ ቆመው ውሃ ያፈሱልኛል። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። እንሰት ቤት ያደገ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፤ የተፋቀው እንሰት ተጨምቆ ውሃው ሲቀመጥ ቡላው ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይጠልላል፣ የጠለለው ይደፋል። መርፌዎቹም ከውሃ ይከብዳሉና ይዘቅጣሉ። የሚያስፈልጋቸው የማይነቃነቅ ሳፋ ብቻ ነው። ሳፋውን ሁለታችን ይዘን፣ እንደ ታመመ ሰው እየተጠነቀቅን፣ ጓዳ አስገባነው። ዛጎሉን ብሰብረው ወፍራሙ ቦታ ላይ በረኪናው ያልደረሰበት ሥጋ ሊኖር እንደሚችል አስቤ ነበር፤ ከሌለ ግን ዛጎሌንም አጣለሁ ብዬ ተውኩት። ተስፋዬ ሁሉ ያ ሳፋ ነበር።

የጸሎቱ ሰዎች መጡ። ጠረጴዛው ባዶውን ነው፣ ልብሱ ጓሮ ተሰጥቷል። አማቴ ይህን ለማንም አላስረዱም። መዝሙር ተዘመረ፣ ቃል ተነበበ፣ ጸሎት ተጀመረ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የምጸልየው ስለ ሳፋው ነው።

በመካከሉ አንዲት የኅብረቱ ሴት ለእንግዶች እጅ መታጠቢያ ልታመጣ ድምፅ ሳታሰማ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ጎበዝ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ናት። ሳፋው ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። እጅ መታጠቢያ ፈልጋ ቆሻሻ ውሃ አገኘች፤ የምታደርገው ግልጽ ነው፣ ልትደፋው ነው። ልነሳ ብል በሁለት በኩል የተንበረከኩ ሰዎች አሉ።

«ተዪው!»

የጮኹት አማቴ ናቸው። ጸሎት እየመሩ ነበር እኮ። ሁሉም ዓይኑን ገለጠ። ሴትየዋ ሳፋውን አንድ ጎኑን አንስታ፣ ጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች።

«አስቀምጪው፣ ቀስ ብለሽ» አሉ አማቴ፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ። «የልጄ ሥራ ነው ያለበት።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ፎንቆ ላይ እስከ ዛሬ የዚያን ቀን ጸሎት የሚያነሱ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የማስታውሰው «የልጄ ሥራ» የሚለውን ነው። ባልደረቦቼ ቀልድ የሚሉትን፣ ታምራት እንኳ «ያ ነገርሽ» የሚለውን፣ ሥራ ብለው በሰው ፊት የጠሩልኝ የመጀመሪያዋ ሰው አማቴ ናቸው።

ሰው ሲበተን ሳፋውን አየነው። ውሃው ጠልሏል፤ ስር ላይ ስስ፣ ግራጫ ነጭ ዝቃጭ ተጋድሟል። የጠለለውን በጣሳ እየቀዳሁ አስወገድኩ፣ ዝቃጩን በሃይላንድ ጠርሙስ ገለበጥኩ። በሌላ ጠርሙስ ደግሞ ከዚያው በርሜል ውሃ፣ ከዚያው በረኪና ጠብታ፣ ሳፋው ውስጥ ካልገባ ሌላ ነጭ ጨርቅ አንድ ጫፍ ነክሬ ያዝኩ። ዛጎሉን በፎጣ ጠቅልዬ ከባዶው ማሰሮ ጋር ያዝኩ።

«ያኛው ደግሞ ምንድነው?» አሉ አማቴ ሁለተኛውን ጠርሙስ እያዩ።

«ምስክር ነው» አልኳቸው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ሙከራውን በር ስከፍት አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል። ያጠፋሁትን ሳላይ አላድርም ብለው በባጃጅ መጥተዋል። ነጭ ጋዋን አለበስኳቸው። ደረጃው ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ከሌላ ቦታ የመጡ ፕሮፌሰር መስለውት ተነስቶ እጅ ነሳ፣ እሳቸውም አላስተባበሉም።

ከጠርሙሱ ስር ጠብታ ወስጄ አየሁ። የጥጥ ክር። አቧራ። እንደገና የጥጥ ክር። ከዚያ አንድ እስፒል፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ባለራስ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እይታውን የሞላ እስፒል።

«አሉ እማማ፣ አሉ!»

አዩ። «እኚህን ሁሉ ነው ልደፋቸው የነበረ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግን ማበጠሪያው የለም። ሌላ ጠብታ፣ የለም። ሌላ፣ አሁንም እስፒል ብቻ። እስፒል ብቻ ከሆነ የፕሮፌሰሯ ጥርጣሬ ትክክል ነው፤ ማበጠሪያዎቼ የሌላ ናቸው፣ እንስሳዬም አዲስ አይደለችም። አንገቴ ደነዘዘ፣ ዓይኔ አነባ። አማቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አነሳሁት። ዝቃጩ እንደገና ተቀምጧል። ያኔ ነው ያየሁት፤ ከታች ሻካራው፣ ከላይ ደግሞ እንደ ቅባት ያለ ስስ ነጭ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ቡላ ስታወጣ፣ ከበላዩ የሚያርፈውን ልሙን ለብቻ በማንኪያ ታነሳው ነበር፤ ልሙ መጨረሻ ነው የሚዘቅጠው ትል ነበር። እኔ ደግሞ ጠብታዬን ሁልጊዜ ከስር ነው የምወስደው። ትልልቆቹ መርፌዎች ቀድመው ወርደዋል፣ ትንንሾቹ ከላይ ናቸው። ይህን እኮ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ።

ላይኛውን ስስ ነጭ በጠብታ መሳቢያ ጫፍ ነካ አደረግኩ። መስታወቱ ላይ አኖርኩ። አደረቅኩ። ጎንበስ አልኩ።

ማበጠሪያዎች። አንድ አይደለም፣ አምስት አይደለም። እይታው በእነሱ ተሞልቷል፤ ሁሉም ጎበጥ ያሉ፣ ሁሉም እሾኻቸውን በጀርባቸው የደረደሩ። የሞተው ዛጎል ላይ እየለመንኩ በቁጥር ያገኘኋቸው ናቸው፣ ዛሬ እንደ ገበያ ሰው እየተጋፉ። ተነስቼ አማቴን አቀፍኳቸው፤ ከወንበራቸው ሳነሳቸው ጋዋናቸው እግሬ ስር ገብቶ ልንወድቅ ነበር።

ምስክሩን ጠርሙስም አየሁት። ክር፣ አቧራ፣ ሌላ ምንም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት አማቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሯ በቪዲዮ ጥሪ ሆነው የላክኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ለአማቴ እተረጉማለሁ።

«ናሙናው ሙሉ ለሙሉ ሳፋ ውስጥ ታጥቧል ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«ማን ነው ያጠበው?»

«እኚህ ናቸው» አልኩ። አማቴ ለኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ።

ፕሮፌሰሯ ግንባራቸውን ያዙ። «ትዕግስት፣ ዛጎል ውጭው ላይ የሌላ ሰፍነግ መርፌ ይለጠፍበታል። ማበጠሪያው ከውስጥ መውጣቱን በምን አውቃለሁ?»

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ብሩሽ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ጨብጠው፣ ዛጎሉን ከጠረጴዛው አንስተው፣ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን እንዴት እንደፈተጉት አሳዩ። «የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁት። ሁለተኛውንም ደፋሁት። ሳሙናው ሲለቅ ነው በረኪና ውስጥ የከተትኩት። ቆሻሻ እንዳለበትማ በረኪና ውስጥ አይገባም» አሉ፣ ትንሽም ቅር ብሏቸው። ተረጎምኩ።

«ከሳፋው፣ ከውሃውስ የመጣ ቢሆን?» አሉ ፕሮፌሰሯ፤ ግን ድምፃቸው ተለውጧል።

የምስክሩን ጠርሙስ ፎቶ ከፈትኩላቸው። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ሲሾፍብኝ የኖረውን ነገር፣ በሙሉ ደስታ፣ በገዛ አፌ ተናገርኩት፦ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ባህር ዳር ስለሚሠሩ የአንዷ መርፌ ከሌላዋ እንዳይቀላቀል ይሰጋሉ። ፎንቆ ግን ባህር የለም። በዚያ ሳፋ ውስጥ ከዚህ ዛጎል በቀር ከባህር የመጣ ነገር ገብቶ አያውቅም።»

ፕሮፌሰሯ ሳቁ። ሳቃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። «ይህንን ለመከራከር አቅም የለኝም» አሉ። «አዲስ ናት። እንኳን ደስ አለሽ።»

አማቴ ትርጉም አልጠበቁም፤ እልል አሉ። በመስታወቱ በር ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው ያዩናል። ፕሮፌሰሯ ዛጎሉን ሳልሰብር እንዳስቀምጠው ነገሩኝ፤ ኋላ እሳቸው ዘንድ ሲከፈት ወፍራሙ ቦታ ላይ እውነትም የተረፈ ሥጋ ነበረበት። ያን ዕለት ግን ማሰሮው በአልኮል መሞላት ነበረበት። የአልኮሉን ጠርሙስ ሳነሳ አማቴ ከእጄ ተቀበሉኝ። ፊታቸውን ዞር አድርገው፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ አንድ ጠብታ ሳያንጠባጥቡ ሞሉት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት የምሠራውን ሥራ የማይገባው ቦታ ላይ የተወለደ አድርጌ ነበር የማየው። ባህር በሌለበት ስለ ባህር ማጥናት፣ ሲሾፉብኝ ብመልስም፣ ውስጤን ያሳፍረኝ ነበር። ቤቴንና ቤተ ሙከራዬን አላገናኝም። ወላጆቼና አማቴ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ «አይገባችሁም» ማለት ያህል «ባዮሎጂ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ያ ማሰሮ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሆነ ነግሬያቸው ቢሆን አይደፋም ነበር። አሁን ሁሉን እነግራቸዋለሁ። የማትረባ ጠብታ እንኳ ሳይ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከጸሎቱ ሴቶች ጋር ይነጋገሩበታል። ፎንቆ ላይ ቦርቧሪ ሰፍነግ ምን እንደሆነች የሚያውቁ ሴቶች ቁጥር ትንሽ አይደለም። እናንተም የምትወዱት ሥራ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ላሉ ሰዎች ንገሯቸው። ማሰሮው አንድ ቀን በእነሱ እጅ ያልፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ሰኞ ፕሮፌሰሯ ሊሰናበቱ ሲሉ «ስሟን ማን እንበላት? መብቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። የምፈልገውን ስም አውቃለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ፣ ከዚያ «ተዪው» ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን የስሙ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ በአፌ አልጠራውም። ጻፍኩና ላክሁላቸው። ፕሮፌሰሯ በማያውቁት አፍ፣ እየተደናቀፉ፣ ጮክ ብለው አነበቡት።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሜን ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ለሰፍነጓ ነው። ከአሁን በኋላ በዓለም ሁሉ የምትጠራው በእርስዎ ስም ነው።»

ማሰሮውን ተመለከቱ። «ተማሪዎችሽንስ? ስታስተምሪያቸው ምን ብለሽ ልትጠሪያት ነው?»

አላሰብኩበትም ነበር። «እንጃ» አልኩ። «ሰሌዳው ላይ ጽፌ በእጄ አሳያለሁ።»

«ፍጥረት ስም ወጥቶላት በእጅ ትጠቆማለች እንዴ?» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ፈቅጃለሁ። ጥሪያት፣ ልስማ።»

አንገቴን ደፋሁ። ፎንቆ ከገባሁ ጀምሮ ያ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ክሊዮና አልማዜ» አልኩ።

«አቤት» አሉ አማቴ።